ስምንተኛ ክፍል፦ ከሴከር እስከ ሜይጻቭ

ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን «ሚኒስትሪ» ምን እንደሆነ ጠይቋቸው። መሥሪያ ቤቱን ሳይሆን ፈተናውን ማለቴ ነው። በኢትዮጵያ የ8ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በሰው አፍ ስሙ እንዲህ ነበር። «እከሌ ሚኒስትሪ ወደቀ» ከተባለ 9ኛ ክፍል አልገባም ማለት ነው፣ አለቀ። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ልጁ የሚያውቀውን ሂሳብ እንኳን የሚያሳየው ቤቱ ውስጥ ማንም በማይናገረው ቋንቋ ነው። አብዛኛው የቤተ እስራኤል የገጠር ልጅ ደግሞ እዚያ ክፍል ሳይደርስ ነው የቀረው።

ይህን ያነሳሁት እስራኤልም 8ኛ ክፍል ላይ የራሷ በር ስለነበራት ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ሜይጻቭን እንጂ ሴከርን የሰማ ወጣት ጥቂት ነው።

የ1949ኙ የግዴታ ትምህርት ሕግ ነጻ ያደረገው አንደኛ ደረጃን ነበር፤ ያኔ አንደኛ ደረጃ 8 ዓመት ነው። ቲኾን ግን ይከፈልበታል። ስለዚህ በ1955 መንግሥት ለ8ኛ ክፍል ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ፈተና አወጣ፣ ስሙም ሴከር። ያለፈ ልጅ በወላጆቹ ገቢ ልክ የክፍያ ቅናሽ ያገኛል፣ የወደቀ አያገኝም። (በዚያው ዓመት ነው ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ 12 የቤተ እስራኤል ልጆች ክፋር ባትያ የገቡት፤ በ1956 ሌሎች 15 ተከተሏቸው። የተላኩት ተምረው ተመልሰው በሰፈራቸው እንዲያስተምሩ ነበር።)

ውጤቱ ሲታይ ግን ከእስያና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በብዛት ወደቁ። ማዓባሮት ውስጥ ያደገ፣ መምህሩ በየጊዜው የሚቀያየርበት ልጅ ከቴል አቪቭ ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ሲለካ ሌላ ምን ይጠበቃል? ትምህርት ሚኒስቴር በ1950ዎቹ መጨረሻ ያመጣው መፍትሔ «ኖርማ ቤት» ይባላል። ለእነዚህ ልጆች የማለፊያ ነጥቡ ዝቅ ተደረገ። ማን ኖርማ አሌፍ፣ ማን ኖርማ ቤት እንደሚሆን የሚወሰነው ወላጆች በመጡበት አገር ነው።

እኔ ኖርማ ቤትን ክፉ ነበር ብዬ አልደመድምም። በእሱ ምክንያት የክፍያ ድጋፍ አግኝተው ቲኾን የገቡ ብዙ ልጆች አሉ። ነገር ግን የተነካው ማለፊያ ነጥቡ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ መምህሩ፣ የክፍሉ ብዛት እንደነበሩ ቀሩ። ልጁም «ያለፍኩት በእነሱ ልክ አይደለም» የሚል ምልክት ይዞ ወጣ።

በ1968 ክነሴት የትምህርት ማሻሻያውን አጸደቀ፤ ዛሬ ሐቲቫት ቤናይም የምንለው፣ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል፣ የመጣው ያኔ ነው። ሐሳቡ የተለያየ ሰፈር ልጆችን አንድ ግቢ ውስጥ ማገናኘት ነበር። ሴከርም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቀረ። በር ቀረ ማለት ግን መለየት ቀረ ማለት አልሆነም። ልጆቹ በአንድ ግቢ ተገናኙና በሂሳብና በእንግሊዝኛ ሰዓት ሀክባጻ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል ተብለው ተበተኑ። በአገር ደረጃ ይሰጥ የነበረው ፈተና ወደ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ገባ፣ ስሙም የምደባ ፈተና ሆነ።

የእኛ ቤተሰቦች በሙሴ ዘመቻና በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ሲመጡ ያገኙት ይህንን ነው። ልጁ ዕብራይስጥ ገና እየተማረ፣ እርሳስ ይዞ በሰዓት ተገድቦ መቀመጥም አዲስ ሆኖበት ይፈተናል፤ ነጥቡ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ያለው ነጥብ «አይችልም» ተብሎ ይነበባል። የማኅበረሰባችን ልጆች ከቁጥራቸው በላይ ወደ ልዩ ትምህርት መላካቸው ከዚህ አነባበብ ጋር የተያያዘ ነው።

ሌላ አነባበብም እዚሁ አገር ነበር። ፕሮፌሰር ሬውቬን ፎየርሽታይን ከሆሎኮስት በኋላና በ1950ዎቹ በዓሊያት ሀኖዓር በኩል ከሚመጡ ልጆች ጋር ሲሠራ፣ ብዙዎቹ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ነበሩ፣ የተለመደው ፈተና የሚለካው ልጁ እስከዚያ ቀን የተማረውን ብቻ መሆኑን አየ። ስለዚህ አሠራሩን ቀየረው፦ መጀመሪያ ይፈትናል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያስተምራል፣ ከዚያ እንደገና ይፈትናል። የሚመዘገበው በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችም በዚህ መንገድ ተፈትነዋል። የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲው ዳቪድ ጹሪኤል ከባልደረባው ጋር በ1999 ባሳተመው ጥናት የ1ኛ ክፍል ልጆቻችን በመጀመሪያው ፈተና እስራኤል ከተወለዱት በጣም ዝቅ ብለው ነበር። ከአጭር ማስተማር በኋላ ልዩነቱ በጣም ጠበበ። ልጆቹ ያው ናቸው፣ የተለወጠው በመሃል አንድ ሰው ማስተማሩ ነው።

እናንተ የምታውቁት ሜይጻቭ የመጣው በ2002 ነው። 5ኛና 8ኛ ክፍል፤ ቋንቋ፣ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስ። ስሙ ራሱ የትምህርት ቤት መለኪያ ነው የሚለው፣ በውጭ ፈታኞች ይሰጥ የነበረው ሜይጻቭም ለተማሪው በስሙ ነጥብ አይሰጥም ነበር። በኋላ ራማ የሚባለው ባለሥልጣን ያዘው፣ የ2008ን አማካይም 500 ብሎ መነሻ አደረገ። እስከ 2012 የየትምህርት ቤቱ ውጤት ለሕዝብ ተዘግቶ ነበር፤ የመረጃ ነጻነት እንቅስቃሴ ፍርድ ቤት ሄዶ አስከፈተው።

መከፈቱን እደግፋለሁ። ወላጅ የማወቅ መብት አለው። ግን ጋዜጣው ሐቲቫዎቹን ከላይ እስከ ታች ሲደረድር፣ ከነጥቡ አጠገብ ማዳድ ቲፑሕን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነበር። ያ መለኪያ የወላጅን ትምህርት፣ የቤተሰብን ገቢ፣ ከመሃል አገር መራቅን፣ የመጡበትንም አገር ይቆጥራል፤ ትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ሰዓት የሚያገኘው በእሱ ነው። ልብ በሉ፦ በኖርማ ቤት ዘመን የወላጅ አገር የተጻፈው በልጁ ማለፊያ ነጥብ ላይ ነበር፣ አሁን በትምህርት ቤቱ በጀት ላይ ነው። በ60 ዓመት ውስጥ ከታዩት ለውጦች ትልቁ ይህ ይመስለኛል። 470 ያመጣ ትምህርት ቤት ሰነፍ ሊሆን ይችላል፤ በሩቅ ከተማ ከባድ ሥራ እየሠራ ያለም ሊሆን ይችላል። ነጥቡ ብቻውን የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም።

ሀክባጻ ግን ዛሬም በስም ነው። 7ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ የምትገቡበት የሂሳብ ቡድን በኋላ ለባግሩት 5 ዩኒት መድረሳችሁን ወይም አለመድረሳችሁን አብዛኛውን ይወስናል። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁም ለአሴፋት ሆሪም ሲሄዱ አብራችሁ እያስተረጎማችሁ የምትቀመጡ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምደባው በየትኛው ፈተና ተወሰነ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተጨማሪ ትምህርት ተሰጠ፣ ሁለተኛው ፈተና መቼ ነው።