ስለ ኅዳር በሽታና ስለ መሰብሰቢያ ስፍራዎች መዘጋት



ወረርሽኝ በከተማ ላይ በወረደ ጊዜ መንግሥት አስቀድሞ የሚመለከተው ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ስፍራ ነው። ትምህርት ቤት፥ መጠጥ ቤትና ሲኒማ ቤት ይዘጋል፤ በጸሎት ቤትና በገበያም የሚገኘው ሰው ቍጥር ይወሰናል። ይህ ደንብ ምን ያህል እንደሚጠቅም፥ በማንስ ላይ እንደሚከብድ ከታሪክ እንመልከት።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታውና ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ የሰየመው ኢንፍሉዌንዛ፥ በከተማው ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በጽኑ ታመው ነበር። በዚያ ወር የከተማው ሥራ የቆመው በዐዋጅ ሳይሆን ሠራተኛው በየቤቱ ስለ ተኛ ነው፤ ቀባሪም እስከ መታጣት ተደርሶ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ ከዚሁ መከራ ጋራ ተያይዞ ይነገራል። እሳቱ ግቢን ያጸዳ ይሆናል፤ በትንፋሽ የሚተላለፈውን ተውሳክ ግን አያግደውም።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ የሆነው ነገር ጉዳዩን ይበልጥ ይገልጠዋል። በፊላዴልፊያ በሽታው ከገባ በኋላ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 28 ቀን 1918፥ ወደ 200 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ለሰልፍ በአደባባይ ተሰበሰበ። ሴንት ሉዊስ ግን የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በከተማው እንደ ታዩ በጥቂት ቀን ውስጥ ትምህርት ቤቶችን፥ ቴአትር ቤቶችንና አብያተ ክርስቲያናትን ዘጋች። በሽታው በጠናበት ሳምንት ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው ከ100 ሺህ ነዋሪ በፊላዴልፊያ 257፥ በሴንት ሉዊስ 31 ሆነ። ፊላዴልፊያም በኋላ ዘግታለች፤ ልዩነቱ የቀኑ ነው። ሴንት ሉዊስም ደንቡን ፈጥና ባላላች ጊዜ በሽታው ስላገረሸባት እንደገና ለመዝጋት ተገዳለች።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ ዙሪያ፥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲያስመዘግብ ኖሯል። በ1911 ዓ.ም. እንዲህ ያለ መዝገብ በየገጠሩ ስላልነበረ፥ የዚያ ዘመን ታሪክ የሚነገረው ከሞላ ጐደል የዋና ከተማው ብቻ ነው።

በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በኢትዮጵያ ተገኘ፤ በ7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ አውቶቡሶችም በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዙ። የፋሲካ በዓል በየቤቱ ተከበረ፤ የረመዳንም የጀማዓ ጸሎት ቀረ። እንደ ቡታጅራ ባለች፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ በሚገናኙባት ከተማ፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ የለቅሶ ድንኳን ነው፤ ዕድርተኛን ከሐዘን ቤት ለማስቀረት የሚችል ፖሊስ ከየት ይገኛል?

ሁሉም ስፍራ እኩል አደገኛ አይደለም። ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ከቆመ ገበያ ይልቅ፥ መስኮቱ የተዘጋ ቡና ቤት ወይም ለመስቀልና ለዐረፋ ወደ አገሩ የሚገባውን ሰው አጭቆ የሚጓዝ አውቶቡስ በሽታውን ያፋጥነዋል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች መሥሪያ ቤታችን ቢዘጋ ደመወዛችንን በወሩ መጨረሻ እንቀበላለን፤ በጉሊት የምትነግደው ሴት ግን የማታውን እራት የምታገኘው ከቀኑ ሽያጭ ነው። ስለዚህ ሜዳውን ከመዝጋት ይልቅ ነጋዴዎቹን አራርቆ ማስቀመጥ ይሻላል።

የ5 ወሩ ዐዋጅ ካበቃ በኋላ ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ተከፈቱ፤ የገጠሮቹ ቀደሙ፥ የአዲስ አበባዎቹ በመጨረሻ ሆኑ።