ሐዋሳንና የደቡብን አውራ ጎዳና ስለሚመለከት ታሪክ

ከሞጆ ተነሥቶ እስከ ሞያሌ የሚዘልቀው የደቡብ አውራ ጎዳና ብዙ ከተሞችን ያገናኛል። ከእነዚህም መካከል ሐዋሳ የተቆረቆረችው ከጎዳናው በኋላ ነው፤ ስለዚህ የእርሷን ታሪክ ያለ ጎዳናው ማውሳት አይቻልም።

ጎዳናው ሞጆ ላይ ከድሬዳዋው መንገድ ይለያል። መቂንና የቀድሞዋን ዝዋይ፥ የዛሬዋን ባቱን አልፎ፥ የላንጋኖን ሐይቅ በስተ ግራ ትቶ፥ በአርሲ ነገሌ በኩል ሻሸመኔ ይደርሳል። ከዚያም ጥቁር ውኃን ተሻግሮ፥ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሐዋሳ ይገባል። ቀሪው፥ በዲላ፥ በይርጋ ጨፌ፥ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው፥ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ መሥመር በጦርነት ጊዜም ተፈትኗል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከኬንያ ገብተው ሜጋን ከኢጣልያኖች አስለቀቁ። ነገር ግን ሻሸመኔን በግንቦት 6 ቀን የያዘው በሰሜን በኩል፥ በሐይቆቹ ዳር የመጣው ጦር ነበር፤ በደቡብ የሚመጣውን ዝናቡና ጭቃው አዘግይተውት ነበርና።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ከዓለም ባንክ ገንዘብ ተበድሮ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ።

በዚያን ዘመን የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። ዋናው ጎዳና ግን አፖስቶ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ትቷት ያልፋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ምን ያህል ነገር ነው ይባል ይሆናል፤ ለይርጋለም ግን ብዙ ሆኖ ተገኘ። በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር፥ በጎዳናው ላይ፥ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። በምሥረታው ስማቸው የሚነሣው ቀድሞ የሲዳሞ እንደራሴ የነበሩት ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው። ጡረተኛ ወታደሮችም መሬት እየተሰጣቸው ሠፈሩበት። መሬቱ ባዶ እንዳልነበረ ግን መናገር ይገባል፤ የሲዳማ ከብት አርቢዎች የግጦሽ ምድር ነበር፥ የሐዋሳም ስም ከእነርሱ ቋንቋ የተገኘ ነው። ጥቂት ቆይቶ የጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ከይርጋለም ወደዚያው ተዛወሩ። ጓዝ ጠቅልሎ መሥሪያ ቤትን መከተል ምን እንደሆነ፥ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ አድማጭ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከ60 ዓመት በኋላ፥ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ሲቋቋም መቀመጫው ሐዋሳ ሆነች። ከክፍለ ከተሞቿም አንዱ አዲስ ከተማ፥ ሌላው መናኸሪያ ይባላሉ፤ ሁለቱም ስሞች የከተማይቱን አመጣጥ የሚያስታውሱ ናቸው።

አሁን ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሞጆ ሐዋሳ ፈጣን መንገድ በአራት ክፍል ተከፍሎ እንዲሠራ ተደርጓል፤ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለውም ለመኪና ተከፍቷል። በእርሱ የሚጓዝ ሰው ሐዋሳ ቶሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን በመቂ ከተማ መካከል አያልፍም። በአሮጌው ጎዳና ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም፥ የዝዋይንም ዓሣ ይዘው መኪና እስኪቆም የሚጠብቁ ሻጮች፥ ይርጋለም አስቀድማ ያየችውን ነገር እነሆ በተራቸው በማየት ላይ ናቸው።