የፍሬን ዲስክና ዘይት መቼ ይለወጣሉ? ከእሽቅድምድም ታሪክ የተገኘ ትምህርት

የመኪና ታሪክ ሲጻፍ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው የሞተር ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ ፍሬን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የፈጣን መኪና ታሪክ የፍሬንም ታሪክ ነው።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። ሆኖም የታምቡር ፍሬን ለብዙ ዘመን የበላይ ሆኖ ቆየ። ሚዛኑ በግልጽ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይ አገር በሌማን በተደረገው የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ነው። የደንሎፕ ዲስክ ፍሬን የተገጠመላት ጃጓር ሲ-ታይፕ፣ በቶኒ ሮልትና በደንካን ሃሚልተን ነጂነት፣ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ አማካይ ፍጥነት አሸነፈች። ታምቡር ሙቀቱን አምቆ ሲደክም፣ ዲስክ ለነፋስ የተጋለጠ በመሆኑ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ነገር ግን ችግሩ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። የዲስኩ ሙቀት በሸራውና በፒስተኑ በኩል አልፎ የፍሬኑን ዘይት ያግላል። ከግላይኮል የሚሠራው ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲቀላቀልበት ግን የሚጠበቅበት ወሰን ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናውም አይቆምም።

ዲስኩም የራሱ ወሰን አለው። አምራቹ የወሰነው ዝቅተኛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የሳሳ ዲስክ የሚይዘው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ ፈጥኖ ይግላል፤ ያረጀውንም ዘይት ወደ መፍላት ያቀርበዋል። ሁለቱ ጉድለቶች አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ።

እንግዲህ ፍርዱ በነጂው እግር ስሜት ብቻ ሊሰጥ አይገባም። እርጥበት የገባበት ዘይት በከተማ መንገድ ደኅና መስሎ ይሰነብትና በረጅም ቁልቁለት ወይም በእሽቅድምድም ሜዳ ይከዳል። ዲስኩ በማይክሮሜትር ተለክቶ ከወሰኑ ሲደርስ፣ ወይም ስንጥቁ እስከ ጠርዙ ሲዘልቅ ይለወጥ። ዘይቱም ፍሬኑ ገና ደኅና ሳለ፣ በአምራቹ የጊዜ ገደብ ይታደስ፤ ለእሽቅድምድም በሚወጣ መኪና ላይ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ። ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ ነውና፣ የመሐንዲስ ሙያ የሚመዘነው ከውድቀቱ በፊት በለካው ልክ ነው።