የወራሪው ጦር መዝገብ ምስክርነት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል የሀገራችን ተረት። የአባባሉን እውነተኛነት የኢትዮጵያ ሕዝብ በ1928 ዓ.ም. ከደረሰበት የፋሺስት ወረራ በኋላ በገዛ ሕይወቱ አረጋግጦታል። ይሁን እንጂ በመዛግብት ሙያ ለተሰማራን ሰዎች በዚህ ተረት ላይ አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ይመስለናል፤ ይኸውም የወጋው ሰው ቢረሳም፣ ወይም የረሳ ቢመስልም፣ መዝገቡ የማይረሳ መሆኑ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የኢጣልያ ጦር ስለ ወረራው ያስቀራቸው ሰነዶችና ፎቶግራፎች ምን እንደ መሰከሩ፣ ምንስ ሳይናገሩ እንደ ቀሩ ማመልከት ነው።

ዘመናዊ ጦር ሠራዊት ሲዋጋ ይጽፋል። በኢጣልያ ጦር ሥርዓት የጦር ክፍሎች የዕለት ውሎአቸውን በታሪክ መዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ከመዝገቡም ጋር ትእዛዞች፣ ካርታዎችና ሌሎች ማስረጃዎች ይያያዛሉ። ጸሐፊው ይህን የሚፈጽመው ለመጪው ትውልድ አስቦ ሳይሆን አለቃው ስለሚጠይቀው ነው። ለሰነዱ የምስክርነት ክብደት የሚሰጠውም ይኸው ነው፤ ሊመሰክር ያልተነሣ ሰው የሰጠው ቃል ነውና። እነዚህ መዛግብት ዛሬ በሮማ ከተማ በኢጣልያ ምድር ጦር የታሪክ ክፍል ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ከጉዳዮቹ ሁሉ ዋነኛው የመርዝ ጋዝ ነው። በጦርነት በመርዝ ጋዝ መጠቀምን የሚከለክለው የጄኔቫ ስምምነት የተፈረመው በ1917 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢጣልያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ሆኖም ወረራው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ አንድ ወር ሳይሞላው፣ ጥቅምት 16 ቀን፣ ሙሶሊኒ በደቡብ ግንባር ለነበረው ለግራዚያኒ ጋዝ በመጨረሻ አማራጭነት እንዲጠቀም በቴሌግራም ፈቀደ። ታኅሣሥ 18 ቀን ደግሞ በሰሜን ለሚያዋጋው ለባዶሊዮ ማንኛውንም ዓይነት ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም ፈቃድ ሰጠ። ከአውሮፕላን ይጣል የነበረው ትልቁ የጋዝ ቦምብ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ኢፔሪት ይይዝ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ተገኝተው ስለዚህ ግፍ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ሲያመለክቱ፣ ትእዛዞቹ በወራሪው ጦር ማኅደር ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት በእጁ የገቡትን የኢጣልያ ቴሌግራሞችና ሰርኩላሮች፣ ከዚያም የተጐጂዎችን የምስክርነት ቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 በሁለት ቅጽ አሳትሟል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በኢጣልያ ክሕደቱ ለብዙ ዓመታት ዘለቀ። አንጄሎ ዴል ቦካ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጦርነቱ መጽሐፍ ሲያወጣ የሀገሩን ሰም አጉድፏል ተብሎ ብርቱ ወቀሳ ደረሰበት። በወጣትነቱ የመቶ አለቃ ሆኖ የዘመተው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊም ጋዝ አላየሁም በማለት ለረጅም ጊዜ ተከራክሮታል። በመጨረሻ በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በመዛግብቱ መሠረት የጋዝ ቦምብና የመድፍ ጥይት በሥራ ላይ መዋሉን ለምክር ቤቱ አረጋገጡ። ሞንታኔሊም ስሕተቱን በአደባባይ አመነ። ስድሳ ዓመት የፈጀውን ክርክር የዘጋው አዲስ የተፈጠረ ማስረጃ ሳይሆን፣ ከጥንቱም በመደርደሪያ ላይ የነበረ ወረቀት ነው።

ይሁንና የጦር ሠራዊት መዝገብ ሁሉን ይናገራል ማለት አይደለም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ስለ ተፈጸመው ጭፍጨፋ ግራዚያኒ ወደ ሮማ ያስተላለፈው መልእክት መጀመሪያ 297 መነኮሳትና 23 ግብረ አበሮች፣ በኋላም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ይገልጻል። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በሕይወት የነበሩ ምስክሮችን ጠይቀውና የግድያውን ስፍራዎች ተመልክተው ባደረጉት ጥናት ግን የሟቾቹ ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርስ ገምተዋል። እንግዲህ ሰነዱ ግድያው መታዘዙንና መፈጸሙን ያለ ጥርጥር ያስረዳል፤ የግፉን ልክ ግን እንደ ጻፊው ፈቃድ ይቀንሰዋል።

የፎቶግራፉም ነገር እንዲሁ ነው። የሉቼ ተቋም ከዘማቹ ጦር ጋር ልኳቸው የነበሩ ፎቶ አንሺዎች የመንገድ ሥራን፣ የሰንደቅ ዓላማ መስቀልን፣ ሰልፍንና የእጅ መስጠት ሥነ ሥርዓትን በብዛት አንሥተዋል። በጋዝ የተቃጠለው ገበሬና የተመረዘው ወንዝ ግን በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ የሉም። ስለዚህ ፎቶግራፍን ስንመረምር በማዕቀፉ ውስጥ ከሚታየው ነገር ጋር፣ ማን አነሣው፣ ለማን ሲል አነሣው፣ ከማዕቀፉ ውጭስ ምን ቀረ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

መዝገብና ትዝታ ሲገናኙ የሚገኘውን ጥቅም የሚያሳየው የዘረት ዋሻ ታሪክ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ የአርበኛው የአበበ አረጋይ ተከታዮች ከቁስለኞች፣ ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ጋር በአንድ ሰፊ ዋሻ ተጠልለው ሳለ የኢጣልያ ጦር ከበባቸው። ዋሻው በጋዝ ተመታ፤ ከዚያ በኋላ እጃቸውን ከሰጡት መካከል ወንዶቹ ተረሸኑ፤ የተረሸኑትም ወደ 800 እንደሚጠጉ ይገመታል። የአካባቢው ሕዝብ «አመፀኛ ዋሻ» እያለ ታሪኩን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ኖሯል። በሌላ በኩል የዘመቻው ወረቀት ከዋሻው ካርታ ጋር በሮማ በማኅደር ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለው ወጣት ኢጣልያዊ ተመራማሪ ሰነዱን አግኝቶ በ1998 ዓ.ም. በስፍራው ሲደርስ ሁለቱ ምስክሮች ተገናኙ። በኋላም ዮናታን ሣህሌ የተባለው ኢትዮጵያዊ ከስፔን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ጋር በዋሻው ባካሄደው ጥናት የሰው አጽም፣ የእህል ማስቀመጫና የጥይት ቀለህ ተገኝተዋል። ወረቀቱ ብቻውን ቢሆን የአንድ ዘመቻ ሪፖርት ሆኖ በቀረ ነበር፤ ትዝታውም ብቻውን ቢሆን እንደ ተረት በተቆጠረ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ሰነድ ከማኅደሩና ከቅደም ተከተሉ ከተለየ ግማሽ ምስክርነቱን ያጣል። ስሙ፣ ቀኑና ስፍራው በጀርባው ያልተጻፈ ፎቶግራፍም የባለቤቱ ዓይን በተዘጋ ዕለት ዲዳ ይሆናል። የወራሪው መዝገብ በባዕድ ሀገር በጥንቃቄ ተጠብቆ ሲኖር፣ የአርበኞች ደብዳቤ፣ የምስክር ወረቀትና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ በየሣጥኑ በምስጥና በእርጥበት ሊጠፋ አይገባም። እነዚህን ማሰባሰብ፣ ሳይቀላቅሉ መመዝገብ፣ ሽማግሌዎቹ የነገሯቸው ልጆች በሕይወት ሳሉም ቃላቸውን መቀበል የእኛ ድርሻ ነው። የወጋው መዝገቡን አኑሯል፤ የተወጋውም መዝገቡን ሊያኖር ይገባዋል።