ባዕድና አዝማሪ፦ ስለ መድረካችን አንድ ትዝብት

የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ቴአትሮች ሳስተምር፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ሳልጠቅስ አላልፍም። አንድ ተማሪ «ዜማውስ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ «የአንድ አርመናዊ» ብዬ አለፍኩት። ስማቸውን ግን አውቀው ነበር። ለምን እንደ ዘለልኩት ሳሰላስል ነው ይህን ትዝብት ለመጻፍ የተነሣሣሁት።

ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ፣ በአርመኖች ገዳም፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ዓመቱ ሳያልቅ አርባዎቹ ልጆች ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስያሜ ከዚያ ወዲህ ጸንቶ ቀረ። የመዝሙሩ ዜማ ደራሲም እኚሁ ኬቮርክ ናቸው።

ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ሥልጣኔን ከማስገባት ጋር ተያይዞ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ለእኔ አይበቃኝም። አገሩ የሙዚቃ ሰው አላጣም ነበር። አዝማሪ በየመኳንንቱ ግብር ላይ ይገኛል። ይሁንና አዝማሪን የሚያደምጥ ጌታ ልጁን ለአዝማሪ አይድርም። ነገሩ ይበልጥ የሚገርመው ወደ ቃሉ ስንመለስ ነው፤ «መዘምር» እና «አዝማሪ» ከአንድ ግስ፣ ከግእዙ «ዘመረ»፣ የወጡ ሆነው ሳለ አንዱ የማዕርግ ስም፣ ሌላው ስድብ ሆነዋል።

እንግዲህ ቤተ መንግሥቱ የሻው ሙያው የማያሳፍረው ሙዚቀኛ ይመስለኛል። ከሩቅ የመጣ የሙት ልጅ ዘር ማንዘሩ አይቈጠርም፤ መለከት ቢነፋም «የማን ዘር ነው?» የሚለው የለም። አዝማሪውም ቢሆን በገዛ አገሩ ከፊል ባዕድ ነበር፤ ከሌላው የሚሰወርበት የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ ለጌታውም ሌላው የማይደፍረውን ነገር በቅኔ ለብጦ ይነግረዋል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ባዕድ ነበረን ማለት ይቻላል፦ የቤቱን ለነቀፌታ፣ የውጭውን ለክብረ በዓል። የሁለቱም መወደድ ከውጭ ከመቆማቸው የመጣ ነው። ዋጋውም አንድ ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ስማቸው ይዘነጋል።

የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲሠሩ የአገራችንን ቅኝቶች ለኦርኬስትራ አመቻችተው ያቀናብሩ ነበር። ተማሪዎቼ በዚያ መድረክ ላይ የዘፈኑትን አንድ በአንድ ይዘረዝሩልኛል። ነርሲስን የጠራልኝ የለም።

ዘንድሮ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ስም በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩ። ሁለተኛውን በፊደላችን እስካስተካክል ድረስ አንዴ ሰርዣለሁ።