ቦኖው ላይ ዜጋዋ የትኛዋ ናት?

ከጅጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቀብሪበያ ሁለት ዓይነት ነዋሪ አላት። አንደኛው የከተማዋ ሰው ነው፤ ኢትዮጵያዊ። ሌላው በ1983 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ከሶማሊያ ሸሽቶ በከተማዋ ዳር በተቋቋመው መጠለያ ጣቢያ የሰፈረ፣ አለዚያም እዚያው የተወለደ ስደተኛ ነው። ሁለቱም ሶማሊኛ ይናገራሉ፤ ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው፤ ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የሚመጣውን ውሃ ሁለቱም ይቀዳሉ። ቦኖው ላይ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉትን ሴቶች በመልካቸው ብቻ አይቶ «ይህቺ ዜጋ ናት፣ ያቺ ስደተኛ» ብሎ በእርግጠኝነት የሚለይ ሰው አይገኝም። የአካባቢው ታሪክ የሚለውም ይህንኑ ነው። ባለፉት 130 ዓመታት ገደማ እዚህ የደረሰ መንግሥት ሁሉ የራሱን ሰው ከሌላው ለመለየት ሲፈልግ ፊትን ትቶ ሌላ ምልክት መፈለግ ነበረበት፤ ያገኘው ምልክትም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የሠራው ነው።

መጀመሪያ ዜጋን መለየት ጨርሶ አላስፈለገም ነበር። በ1889 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሬኔል ሮድ ጋር ሲዋዋሉ፣ ከእንግሊዝ የሶማሌላንድ ጥበቃ ግዛት ጋር ያለውን የድንበር ዝርዝር ሐረር ላይ ራስ መኮንን ጨረሱት። ከውሉ ጋር በተያያዙት ደብዳቤዎች መሠረት በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሳዎች ተሻግረው ማሰማራትና በቅርብ ያገኙትን የውሃ ጉድጓድ መጠቀም ይችላሉ፤ በተሻገሩበት ጊዜ ግን የሚዳኙት በረገጡት ምድር ባለሥልጣን ነው። ማለፊያ ብልሃት ነበር። ሰውየው የማን ነው ከማለት ይልቅ አሁን የት ቆሟል ብሎ መጠየቅ ይቀላል። መስመሩ ራሱ በመሬት ላይ መከለል የጀመረው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያንን ሥራ የጨረሰው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ኮሚሽን የግጦሹን መሬት ሲያጠና ነው በ1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር የተፋጠጠው። የሀውድ ግጦሽ ከእንግሊዝ አስተዳደር ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰበት የ1947 ዓ.ም. ስምምነትም ከጥበቃ ግዛቱ የሚሻገሩ ጎሳዎች የራሳቸው የጎሳ ፖሊስ እንዲከተላቸው ፈቅዷል። አርብቶ አደሩን የሚያውቀው የገዛ ሽማግሌው ነበርና ሌላ ማን ይለየዋል?

ነገሩ የከረረው ሁለት መንግሥታት በአንድ ሕዝብ ላይ የይገባኛል ጥያቄ ሲያነሱ ነው። የኢትዮጵያ የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደን ሁሉ ኢትዮጵያዊ አለ። የሶማሊያ የ1955 ዓ.ም. ሕግ ደግሞ በዘር፣ በቋንቋ ወይም በባህል ሶማሌ የሆነውን ሁሉ ለዜግነት በሩን ከፈተለት፤ በባንዲራዋ ላይ ካለው ኮከብ አምስት ጫፎች አንዱም ለኦጋዴን የተተወ ነበር። እንግዲህ አንዱ እረኛ፣ ያው ፊቱ ሳይለወጥ፣ በአንደኛው ሕግ ኢትዮጵያዊ፣ በሌላው ለሶማሊያዊነት የታጨ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. መባቻ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ በዚያው ዓመት የካቲት 26 ካራማራ ላይ ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። ያኔ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው ወደ ሶማሊያ ተሰደደ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ ጉዞው ተገለበጠና ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያዋ ሀርትሼክ ጎረፈ። ከሚጎርፈው መካከል የሶማሊያ ተወላጅ «ስደተኛ» ሲባል፣ በ1970 ከኢትዮጵያ ወጥቶ የነበረው «ተመላሽ» ተባለ። አብረው ተጉዘዋል፣ አንዳንዶቹም አንድ ጎሳ ናቸው፣ አቧራው አንድ አድርጎ ቀብቷቸዋል። መዝጋቢው ጎሳህ ምንድን ነው፣ ከየት መጣህ፣ ማን ያውቅሃል ብሎ ከመጠየቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። የተጠያቂው መልስ ደግሞ የሚያገኘውን እህል ይወስናል። ስለዚህ ራሽን ካርድ ያወጣ የአካባቢው ተወላጅ መኖሩ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ድርቁ የመታው እሱንም ነው። ወደ ሶማሌላንድ የሚመለሰው ተመልሶ ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ በ1996 ዓ.ም. ሀርትሼክም ሲዘጋ፣ ከተመዘገቡት መካከል ድሮም ኢትዮጵያዊ የነበሩት ወደየቀዬያቸው ተበተኑ። አብዛኛው ስደተኛዋ ከሞቃዲሾና ከደቡቡ የመጣው ቀብሪበያ ግን ቀጠለች።

እዚህ ላይ የአካባቢውን ሰው አስተያየት መናቅ አይገባም። መልኩን እንኳ ባንለይ አንደበቱን እንለያለን ይላል፤ እውነቱን ነው። የሞቃዲሾ ልጅ ሶማሊኛ ጣሊያንኛ የነካካው ነው፤ የቀብሪበያው ደግሞ «ቀበሌ» እና «ወረዳ» ከአፉ አይጠፉም። ሆኖም አነጋገር የሚመሰክረው ስለ አስተዳደግ ነው እንጂ ስለ ዜግነት አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በአምስት ዓመቱ ከጅጅጋ ወጥቶ ሞቃዲሾ ያደገ ኢትዮጵያዊ እንደ ሞቃዲሾ ሰው ይናገራል፤ ጣቢያው ውስጥ የተወለደችው የስደተኛ ልጅም እንደ ከተማዋ ልጆች ታወራለች። በ1996 ዓ.ም. የቋንቋ ሊቃውንት ተሰባስበው ያወጡት መመሪያ በቋንቋ ትንተና ሊታወቅ የሚችለው ሰው ያደገበት ማኅበረሰብ እንጂ ዜግነቱ አለመሆኑን ይገልጻል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2006 ዓ.ም. ጥገኝነት የጠየቁ ሶማሌዎችን ጉዳይ ሲያይ እንዲህ ያለ የትንተና ሪፖርት በጥንቃቄ እንዲመዘን አሳስቧል። ከዚያ በፊት፣ በ2002 ዓ.ም.፣ የዚያው አገር የድንበር ኤጀንሲ የምሥራቅ አፍሪካ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ዜግነት በዲኤንኤና በፀጉር ምርመራ ለመለየት ሞክሮ ነበር። ሳይንቲስቶች ዘረመል ድንበር አያውቅም ብለው ተነሡበትና ሙከራው ቀረ። በዓይን የማይታየውን በማይክሮስኮፕ ቢፈልጉትም አልተገኘም።

ሌላው መከራከሪያ ይህ የሶማሌ ክልል ልዩ ሁኔታ ነው፣ በሌላው ኢትዮጵያ መልክ አይዋሽም የሚል ነው። በ1990 ዓ.ም. በጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከኢትዮጵያ የተባረሩት 75 ሺህ ያህል ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች ግን በመልካቸው አልተለዩም። መንግሥት ያገላበጠው በ1985ቱ የኤርትራ ነፃነት ሪፈረንደም ድምፅ ለመስጠት የተመዘገቡትን ስም ዝርዝርና የቀበሌ ፋይል ነው። «የሶማሌ መልክ» የሚባለውም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። በዋቢ ሸበሌ ዳር ቀላፎ አካባቢ የሚያርሱት ሬር ባሬዎች ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ መልካቸው ግን አብዛኛው ሰው ሶማሌ ሲባል የሚጠብቀው አይደለም፤ ከወንዙ በታች ሶማሊያ ውስጥም ይህንኑ መልክ የያዙ ገበሬዎች አሉ። እና አዲስ አበባ ላይ የጅጅጋን ሰው በፊቱ ብቻ «ከሶማሊያ ነህ?» የሚለው ጠያቂ ከምን ተነሥቶ ነው? ካለማወቅ ነው፤ ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ዜጋን በገዛ አገሩ እንግዳ ያደርጋል።

መንግሥት ዜጋውን ማወቅ የለበትም ማለቴ አይደለም። ምርጫ፣ ፓስፖርት፣ የመሬት ይዞታ ያለዚያ አይሆኑም። ጥያቄው በምን ያውቃል ነው፤ መልሱም ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ የሚጽፈውን ሰው ያህል ነው የሚታመነው። በዚህ አካባቢ ወረቀቱ ከሰውየው ማንነት ይልቅ በተመዘገበበት ቀን ምን እንዳስፈለገው የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የመሥራትና የመዘዋወር መብት ሲሰጥ በዜጋና በስደተኛ ካርድ መካከል ያለውን ልዩነት በመጠኑም ቢሆን አጥብቧል። ጋብቻ ግን አዋጁን ቀድሞታል። በከተማዋና በጣቢያው መካከል ተጋብተው የወለዱ አሉ፤ ልጆቹም በየትኛው መዝገብ ይስፈሩ የሚለው ዛሬም ያነጋግራል። ሕጉ ግን አያሻማም፤ ከስደተኛ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ቀብሪበያ ላይ የተወለደ ልጅ፣ ስሙ በራሽን ካርድ ላይ ቢሰፍርም ባይሰፍርም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ኢትዮጵያዊ ነው።