የናውሩ አደራ፤ የአንዲት ደሴት የመንግሥት ገንዘብ ድርጅቶች አነሣስና አወዳደቅ

መግቢያ

በአገራችን አነጋገር «አደራ» ከባድ ቃል ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ቢያጠፋ ከዕዳው ይልቅ ስሙ ይጎዳል፤ «አደራ በላ» ተብሎ ይቀራልና። ይህ ጽሑፍ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኘው የናውሩ ደሴት ሀብት ሁለት ጊዜ በባለአደራ እጅ ገብቶ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደ ባከነ ለመግለጽ የተዘጋጀ ነው። የደሴቲቱ ስፋት 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ በማለዳ የተነሣ እግረኛ ዙሪያዋን ዞሮ ለምሳ ቤቱ ሊደርስ ይችላል። ሆኖም የመንግሥት ኩባንያና የመንግሥት ባንክ የአንድን ሕዝብ ዕድል እንዴት ከፍ እንደሚያደርጉና እንዴት እንደሚጥሉ ለሚመረምር ተማሪ ከናውሩ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. የመጀመሪያው አደራ

ጀርመን ናውሩን በ1888 ያዘች። በዚያን ጊዜ የውጭ ነጋዴዎች ከደሴቲቱ የሚፈልጉት የደረቀ የኮኮናት ፍሬ ነበረ። ነገሩ የተለወጠው በ1899 ነው። በሲድኒ ከተማ በአንድ የንግድ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ከናውሩ የመጣ ድንጋይ የበር መደገፊያ ሆኖ ያገለግል ነበር። አልበርት ኤሊስ የተባለው የኩባንያው ሠራተኛ ድንጋዩን ቢመረምረው ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን እጅግ ጥሩ ፎስፌት ሆኖ አገኘው። በ1907 የመጀመሪያው ጭነት ከደሴቲቱ ወጣ። መሬቱ የራሱ ለሆነው ባለርስት የተከፈለው ግን በየቶኑ ግማሽ ፔኒ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በ1914፣ የአውስትራልያ ወታደሮች ደሴቲቱን ያዙ። በ1919 ብሪታንያ፣ አውስትራልያና ኒው ዚላንድ ስምምነት አድርገው ፎስፌቱን የሚያወጣና የሚሸጥ የኮሚሽነሮች ድርጅት አቋቋሙ። በስምምነቱ ከሦስቱ መንግሥታት አንዱም እንኳ በኮሚሽነሮቹ የማውጣት፣ የመጫንና የመሸጥ ሥራ እንዳይገባ ተወሰነ። በ1920 ደግሞ ናውሩ በመንግሥታት ማኅበር ስም በአደራ ግዛትነት ለእነዚሁ መንግሥታት ተሰጠች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን እንዲህ ያሉትን ሕዝቦች ማስተዳደር የተቀደሰ አደራ እንደ ሆነ ይናገር ነበር። እንግዲህ በአንድ ወገን የተቀደሰው አደራ፣ በሌላው ወገን ማንም የማይቈጣጠረው ንግድ በአንድ ደሴት ላይ አብረው ተቀመጡ። ፎስፌቱ ለአውስትራልያና ለኒው ዚላንድ ገበሬዎች ከዓለም ገበያ ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ስለ ነበር ርካሹን ማዳበሪያ የከፈለው በእውነቱ የናውሩ ባለርስት ነበር ለማለት ይቻላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ደሴቲቱን በ1942 ይዛ 1,200 ያህል ናውሩውያንን ወደ ትሩክ ደሴቶች አጋዘች። ከእነዚህም በረኀብና በበሽታ ብዙዎቹ አልቀው በሕይወት የተረፉት 737 ሰዎች ጥር 31 ቀን 1946 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1947 ናውሩ የተባበሩት መንግሥታት የአደራ ግዛት ሆነች፤ ቁፋሮውም እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

2. ነጻነትና ሁለተኛው አደራ

ፎስፌቱ አንድ ቀን እንደሚያልቅ የታወቀ ነገር ነበር። ስለዚህ አውስትራልያ ሕዝቡ በሙሉ ወደ ከርቲስ ደሴት ሄዶ እንዲሰፍር ሐሳብ አቀረበች። ናውሩውያን ግን ሕዝብነታቸው እንዳይጠፋ በመስጋት በ1964 ሐሳቡን አልተቀበሉም። በመሪያቸው በሐመር ደሮበርት እየተመሩ ጥር 31 ቀን 1968 ነጻ ወጡ። ቀኑ የተመረጠው ከትሩክ የተመለሱበት መታሰቢያ ስለ ሆነ ነው። ቀደም ብሎ በ1967 በተደረገው ስምምነት የኮሚሽነሮቹን ንብረት በ21 ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር ገዝተው በ1970 ሥራውን በራሳቸው ኮርፖሬሽን እጅ አደረጉት።

ከፎስፌት ሽያጭ ከሚገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለመጪው ትውልድ እንዲቀመጥ የፎስፌት ድርሻ አደራ ድርጅት ተቋቋመ። ሐሳቡ የሚመሰገን ነበር። ድንጋዩ ሲያልቅ ገንዘቡ ይቀራል፤ የገንዘቡ ወለድም ልጆችን ያሳድጋል ተብሎ ታስቦ ነበር። የፎስፌት ዋጋ በ1974 ገደማ በብዙ እጥፍ በጨመረ ጊዜ ናውሩ በሕዝቧ ቍጥር ሲካፈል ከዓለም ሀብታም አገሮች አንዷ ሆነች። ግብር የሚከፍል ሰው አልነበረም። መንግሥቱ የአየር መንገድና የመርከብ ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1976 የናውሩን ባንክ ከፈተ፤ በ1977 በሜልቦርን ከተማ ባለ 52 ፎቅ ሕንጻ አስመረቀ። አደራ ድርጅቱም በአውስትራልያ፣ በጓም፣ በሃዋይና በፊጂ ሆቴልና ቦታ ገዛ። ንብረቱ በ1990 ገደማ ከአንድ ቢሊዮን የአውስትራልያ ዶላር በላይ ይገመት ነበር።

ሆኖም ጉድለቱ ከውስጥ ነበር። የአደራውን ገንዘብ የሚያዙት መንግሥቱን የሚመሩት ሰዎች ነበሩ፤ ሒሳቡም በየጊዜው ለሕዝብ አይገለጽም ነበር። የመንግሥቱ በጀት ሲጎድል ከአደራው ይወሰዳል፤ አየር መንገዱ ሲከስር በመንግሥት ገንዘብ ይደጎማል። አማካሪ ነን እያሉ ከውጭ የሚመጡ ሰዎችም በቀላሉ ይደመጡ ነበር። በ1993 በሎንዶን ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተዘጋጀ የሙዚቃ ቴያትር በናውሩ ገንዘብ ቀርቦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተዘጋ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነው።

3. ማኅተምን ማከራየት

በ1972 የወጡት የኩባንያ ሕጎች ለሌላ ዐይነት ንግድ በር ከፍተው ነበር። የናውሩ ወኪል ኮርፖሬሽን የሚባል የመንግሥት ድርጅት ተቋቁሞ የባሕር ማዶ ሰዎችን ኩባንያዎችና ባንኮች ይመዘግብ ጀመር። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰውየው ደሴቲቱን ሳያይ ክፍያውን ይልካል፤ ኮርፖሬሽኑ ስሙን በመዝገብ ጽፎ አድራሻ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በስም ብቻ ያለው ባንክ በሞስኮ ወይም በኒው ዮርክ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ ማን ነህ ተብሎ ቢጠየቅ የናውሩ ሕግ ምስጢሩን ይጠብቅለታል። የፎስፌቱ ገቢ እየቀነሰ ሲሄድ የዚህ ንግድ ተፈላጊነት ጨመረ፤ 400 ያህል ባንኮች በአንድ የፖስታ ሣጥን ቍጥር ተመዘገቡ።

ገንዘቡ ራሱ ደሴቲቱን አልረገጠም፤ ለናውሩ የደረሰው የምዝገባው ክፍያ ብቻ ነው። በ1999 የሩስያ ማዕከላዊ ባንክ ምክትል ሹም ቪክቶር ሜልኒኮቭ ባለፈው ዓመት 70 ቢሊዮን ዶላር ከሩስያ በናውሩ ባንኮች ስም እንደ ወጣ ተናገረ። እንግዲህ ድንጋይዋን የጨረሰች አገር የቀራት አንድ ነገር፣ ማለት ነጻ መንግሥትነቷ፣ እርሱም እየተከራየ ነበር።

4. ውድቀቱ

በ2000 በወንጀል የተገኘ ገንዘብን የሚከታተለው የመንግሥታት ግብረ ኃይል ናውሩን በጥቁር መዝገብ ጻፋት፤ በታኅሣሥ 2002 ደግሞ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ከሁሉ የበለጠ ከሚያሠጉት አገሮች መካከል ቈጠራት። በ2003 የስም ባንኮቹ ፈቃድ ተሰረዘ፤ በ2005 ናውሩ ከጥቁር መዝገቡ ወጣች። አደራ ድርጅቱ ግን ንብረቱን አስይዞ ብዙ ተበድሮ ስለ ነበር በ2004 የሜልቦርኑን ሕንጻና ሌላውንም ንብረት አበዳሪዎቹ አሸጡበት። በታኅሣሥ 2005 የአየር መንገዱ የመጨረሻ አውሮፕላን ስለ ዕዳ ተያዘ።

መደምደሚያ

ስለ ናውሩ የሚጽፉ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ጥፋቱን ሁሉ በቅኝ ገዢዎች ላይ ያደርጉታል፤ ሌሎቹ ሕዝቡ ገንዘብ መያዝ አያውቅም ብለው ይስቃሉ። ሁለቱም ግማሹን ያያሉ። ለመጀመሪያዎቹ ምስክር የሚሆን አለ፤ ናውሩ በ1989 አውስትራልያን በዓለም ፍርድ ቤት ከስሳ፣ በ1993 በስምምነት 107 ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ተደርጓል። ለሁለተኛው ጥፋት ግን የሚከሰስ የውጭ መንግሥት አልተገኘም።

በእኔ አስተያየት ሁለቱ ዘመናት የሚገናኙት በአንድ ነገር ነው። ኮሚሽነሮቹም ሆኑ ከእነርሱ በኋላ የተነሡት የአገሩ ልጆች አደራውን ሲይዙ ባለንብረቱ መዝገቡን አያይም ነበር። ነጻነት የባለአደራውን ስም ለወጠ እንጂ የአደራውን አያያዝ አልለወጠም። የሚያሥቀውም ሰነፍ ሕዝብ አልነበረም፤ ከትሩክ ረኀብ ተመልሶ፣ ከርቲስን እንቢ ብሎ፣ ከሦስት መንግሥታት ጋር ተከራክሮ ርስቱን ያስመለሰ ሕዝብ ነው። የተታለለው ሒሳቡን ባልጠየቀበት ቦታ ነው።

ዛሬ ከደሴቲቱ አምስት እጅ አራቱ ያህል ተቈፍሮ የቀረው የሾለ የኮራል ድንጋይ ነው። የናውሩ ባንክ ሥራውን ካቆመ በኋላ የሚሠራ ባንክ ከውጭ መጥቶ ቅርንጫፍ የከፈተው በ2015 ነው። 400 ባንክ በመዝገቧ የነበራት አገር ለብዙ ዓመታት ለገዛ ልጆቿ ቍጠባ የሚያስቀምጡበት አንድ መስኮት አልነበራትም። በዚያው ዓመት አዲስ የትውልድ አደራ ገንዘብ ከአውስትራልያና ከታይዋን ጋር በአንድነት ተቋቁሟል። ይህ ሦስተኛው አደራ ነው። እንደ ቀድሞዎቹ እንዳይሆን የሚያደርገው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የመዝገቡ መገለጥ ነው።